ጉንጯ ያላበጠው ልጅ፦ የጆሮ ደግፍ አመጣጥና መዛመት በቱሉ ዲምቱ

የጉዳይ ጥናት

ይህ የጉዳይ ጥናት በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አካባቢ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት የታየውን የጆሮ ደግፍ መዛመት ይመለከታል። በሽታው ከአንድ የተማሪዎች ሰርቪስ ተነሥቶ ወደ አንድ ቤተሰብ እንዴት እንደገባ፣ ከዚያም ከቤቱ ወጥቶ አንድ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል ውስጥ እንዴት እንደተገኘ ለማወቅ እናቶችን፣ መምህራንን፣ የሰርቪሱን ሹፌርና ረዳቱን አነጋግረን የሕመሙን ቀኖች አንድ በአንድ አሰባስበናል። የታማሚዎቹ ስም፣ የሚኖሩበት ብሎክ ቁጥርና የትምህርት ቤቱ ማንነት ሆን ተብሎ ተትቷል።

ጉዳዩ በጽሑፍ እንዲቀመጥ ያደረገው የታማሚዎቹ ብዛት አይደለም። ጆሮ ደግፍ በየጊዜው ብቅ የሚል፣ ብዙ ሰውም የልጅነት በሽታ ነው ብሎ የሚያልፈው ሕመም ነው። እዚህ ልዩ የሆነው፣ መተላለፊያው መንገድ በቀናት ስሌት ተለይቶ መታየት መቻሉ ነው። ሰፈሩም ትምህርት ቤቱም ዓይናቸውን ያበጠ ጉንጭ ላይ ተክለው ሳለ፣ በሽታውን ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ያሻገረችው ጉንጯ ያላበጠ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች።

የአካባቢው ሁኔታ

ቱሉ ዲምቱ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሣበት የከተማዋ ጠርዝ ነው። ነዋሪው ማለዳ ወጥቶ፣ ከፊሉ ወደ መሀል ከተማ፣ ከፊሉ ወደ ገላንና ዱከም ፋብሪካዎች ይሄዳል፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስበት ጊዜ ስለሌለው በወር እየከፈለ ለሰርቪስ ያስረክባቸዋል። በዚህ ጉዳይ የተጠቀሰው ሰርቪስ አንድ ሚኒባስ ነው። ሦስት አዋቂ በሚቀመጥበት ወንበር አምስት ልጆች ይደረደራሉ፤ የታኅሣሥና የጥር ማለዳ ውርጭ ስለሚከብድ መስኮቱ ከመነሻው እስከ መድረሻው ተዘግቶ ይቆያል። ረዳቱ እንደነገረን መስኮት ከፍቶ ከተገኘ እናቶች ይቆጡታል፤ ልጆቹን ብርድ ያስመታብናል ብለው ነው።

ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት አካባቢ እንደመሆኑ ትምህርት ቤቱም የሚጠቀመው ከሮቶ ነው። በመዋዕለ ሕፃናቱ ግቢ ያለው ሮቶ አንድ ቧንቧ ብቻ ያለው ሲሆን፣ ልጆቹ የሚጠጡበት የፕላስቲክ ኩባያ እንዳይጠፋ በሲባጎ ከቧንቧው ጋር ታስሮ ነበር። ወደዚህ ኩባያ ኋላ ላይ እንመለሳለን።

ስለ በሽታው

ጆሮ ደግፍ በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው። ቫይረሱ ፓራሚክሶቪሪዴ ከሚባለው፣ የኩፍኝ ቫይረስም ከሚመደብበት ቤተሰብ ነው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ የተለያዩ ስለሆኑ ለአንዱ የዳበረ መከላከያ ለሌላው አይሆንም። መኖሪያው የሰው ልጅ ብቻ ነው። ከእንስሳ፣ ከአፈር ወይም ከውኃ የሚነሣ አይደለም፤ አንድ ሰው ሲታመም ቀደም ብሎ ያስተላለፈለት ሌላ ሰው መኖሩ የግድ ነው። በሽተኛው ሲያስልና ሲያስነጥስ በሚወጣ ፍንጣቂ፣ በምራቁና ምራቅ በነካው ዕቃ ይተላለፋል። ብርድ፣ አቧራ ወይም ምች አያመጡትም። ብርድ ድርሻ ካለው መስኮት በማዘጋቱ ነው።

የበሽታው ምንጭ ቫይረስ መሆኑ በሙከራ የተረጋገጠው በ1934 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ጆንሰንና ጉድፓስቸር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የታማሚዎችን ምራቅ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አሳልፈው ጦጣዎች ላይ በሽታውን ማስያዝ ችለዋል። ይህ ዛሬም የሚጠቅም ዕውቀት ነው፤ ምክንያቱም አንቲባዮቲክ ለምን እንደማይሠራ የሚያስረዳው እርሱ ነው።

ለዚህ ጉዳይ ወሳኝ የሆኑት ግን የቀን ቁጥሮቹ ናቸው። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 18 ቀን፣ ሰፋ ሲል ከ12 እስከ 25 ቀን ይወስዳል፤ ይህ የመታቀፊያ ጊዜ ይባላል። በሽተኛው ለሌላ ሰው በዋናነት የሚያስተላልፈው እብጠቱ ከመታየቱ ሁለት ቀን ያህል አስቀድሞ ጀምሮ፣ ካበጠ በኋላ እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ነው። በዚህ ላይ ክትባት ባልተስፋፋበት ማኅበረሰብ ከ100 በቫይረሱ ከተያዙ ሰዎች ከ15 እስከ 30 የሚሆኑት ምንም ምልክት አያሳዩም፤ ሌሎች ደግሞ ተራ ጉንፋን የሚመስል ትኩሳትና ራስ ምታት ብቻ ኖሯቸው ያልፋል። እነዚህም ቢሆኑ ያስተላልፋሉ።

የሕመሙ ቅደም ተከተል

ቀን ስንጠይቅ እናቶቹ የመለሱልን በበዓላት ነው። በገብርኤል ዕለት፣ በአቦ ዕለት፣ የጥምቀት ማግስት እያሉ ሲነግሩን፣ በግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ቀን መቁጠሪያ ያላነሰ ትክክለኛ መረጃ ሰጥተውናል። አንዲት እናት የልጇን ሕመም ቀን የምታስታውሰው ስንቅ አስይዛ ወደ ንግሥ ለመሄድ ተዘጋጅታ ሳለ በመቅረቷ ነው፤ እንዲህ ያለው ቀን አይረሳም።

ጥናቱ የተነሣበት የመጀመሪያው ታማሚ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን፣ ጉንጩ ያበጠው ታኅሣሥ 19፣ በገብርኤል ዕለት ነው። እናቱ ያን ዕለት ጀምሮ ሳምንት ያህል ቤት አቆየችው። ከዚህ የተሻለ ልታደርግ የምትችለው ነገር አልነበረም። ነገር ግን ታኅሣሥ 17 እና 18 ልጁ ደኅና መስሎ በሰርቪሱ ተሳፍሯል፤ በ18ኛው ቀን ከሰዓት ብቻ ምግብ አልበላም ብሎ ነበር። በእነዚህ ሁለት ቀናት ከጎኑ ተጣብቆ የተቀመጠው የዚህ ጥናት ዋና ቤተሰብ ልጅ ነው።

ቤተሰቡ አባት፣ እናት፣ የእናትየው እናት፣ የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ፣ የአምስት ዓመት ሴት ልጅና የስድስት ወር ሕፃን ያሉበት ነው። ጥር 5፣ በአቦ ዕለት፣ ወንዱ ልጅ ከእንቅልፉ ሲነሣ አንገቱን ወደ ቀኝ ማዞር አቃተው። አያቱ ቶንሲል ነው አሉ። ጎረቤት በመልካም ልብ ፌጦ በሎሚ በጥብጣ አመጣች፤ ልጁ አንዴ እንደተጎነጨ ከጆሮው ሥር ይዞ ጮኸ። ይህች ቅጽበት ለሐኪም ትልቅ ፍንጭ ናት። ጎምዛዛ ነገር ምራቅ እንዲመነጭ ያስገድዳል፤ ያበጠ የምራቅ ዕጢ ምራቁን መግፋት ሲኖርበት ሕመሙ ይበረታል። ጉሮሮው ላይ ቶንሲል ያለበት ልጅ ሲውጥ ጉሮሮውን ያመዋል እንጂ ሎሚ ሲቀምስ ከጆሮው ሥር አይይዝም።

በአቅራቢያው ካለ ፋርማሲ አሞክሲሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ተገዛለት። ወደ ጤና ጣቢያችን የመጣው በማግስቱ ነው። እብጠቱ ከጆሮው ፊትና ሥር ሆኖ የመንጋጋውን ማዕዘን ሸፍኖታል፤ በጣት ሲፈለግ የአጥንቱ ጠርዝ አይገኝም። የጆሮው ጫፍ ወደ ላይና ወደ ውጭ ተገፍቷል፤ ከኋላው ቆሞ ሁለቱን ጆሮዎች ላነጻጸረ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። በጉንጩ ውስጠኛ ክፍል፣ ከላይኛው ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ ትይዩ ያለው የምራቅ ቱቦ ቀዳዳ ቀልቶ አብጧል፤ መግል ግን አልነበረም። ንፍፊት ቢሆን ኖሮ እብጠቱ ከመንጋጋው በታች ይሆንና አጥንቱ በጣት ይገኝ ነበር፤ የጥርስ መግል ቢሆን የታመመ ጥርስ ይታይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግራ ጉንጩም አበጠ። በጤና ጣቢያ ደረጃ የላብራቶሪ ማረጋገጫ አልተሠራለትም፤ ምርመራው የቆመው በእነዚህ ምልክቶችና ከመጀመሪያው ታማሚ ጋር በነበረው ንክኪ ላይ ነው። ከታኅሣሥ 18 እስከ ጥር 5 ያለው 17 ቀን ነው።

አሞክሲሲሊኑን እንዲያቆም ነገርናቸው። ፓራሲታሞል፣ ብዙ ውኃ፣ ማኘክ የማይጠይቅ ምግብ፣ ጎምዛዛ ነገር መተው እና ከትምህርት ቤት አምስት ቀን መቅረት ታዘዘለት። ልጁ በሳምንቱ ዳነ።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ በየጤና ጣቢያው የሚታይ የተለመደ ነገር ነው።

ማንም ያልመዘገባት ታማሚ

ጥር 20፣ 21 እና 22 ከመዋዕለ ሕፃናቱ አንድ ክፍል ሦስት ልጆች ተከታትለው አበጡ። መዋዕለ ሕፃናቱ ከአንደኛ ደረጃው በሌላ ቅጥር ግቢ ያለ ነው፤ የሰባት ዓመቱ ልጅ እዚያ ገብቶ አያውቅም። ሦስቱም ሕፃናት ሰፈራቸው ቅርብ ስለሆነ በእግር የሚመጡ እንጂ ሰርቪስ የሚሳፈሩ አይደሉም። ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እቤታቸው ሄዳ ስትጠይቅ፣ የሦስቱም እናቶች መልስ አንድ ነበር። «ሲስተር፣ ጥምቀት ዕለት ጸበል ሲረጭ በስብሰው፣ ብርድ መታቸው እኮ ነው» አሉ።

ይህ መልስ በቁም ነገር መታየት ያለበት ነው፤ ምክንያቱም በጥምቀት ብዙ ሕዝብ ተጠጋግቶ ይቆማል፣ የመተንፈሻ በሽታዎችም እንዲህ ባለ ስፍራ ሊተላለፉ ይችላሉ። ብርዱን ትተን መጨናነቁን ብንወስድስ? ጥምቀት ጥር 11 ነው። ከዚያ እስከ ጥር 20 ያለው 9 ቀን፣ እስከ ጥር 22 ያለው ደግሞ 11 ቀን ነው። የጆሮ ደግፍ ዝቅተኛው የመታቀፊያ ጊዜ 12 ቀን በመሆኑ፣ ሦስቱም በጥምቀት ዕለት ተይዘው በእነዚህ ቀናት ሊያብጡ አይችሉም። ከ16 እስከ 18 ቀን ወደ ኋላ ስንቆጥር የምናርፈው ከጥር 2 እስከ ጥር 6 ባሉት ቀናት ላይ ነው። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት፣ በዚያ ክፍል ውስጥ፣ የሚያስተላልፍ ሰው ነበረ ማለት ነው።

የክፍሉ መምህርት የስም መጥሪያ መዝገቧን አምጥታ በእነዚያ ቀናት ታሞ የቀረ ልጅ እንደሌለ አሳየችን። ግራ ያጋባን ይኸው ነበር። መፍትሔው የተገኘው ከሰርቪሱ ረዳት ነው፤ በዚያ ሚኒባስ ከሚሳፈሩት ልጆች ውስጥ መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ የምትወርደው አንዲት ልጅ ብቻ እንደሆነች ነገረን። እርሷም ከሁለት ሳምንት በፊት ያከምነው የሰባት ዓመት ልጅ እኅት ናት።

እናትየዋ መጀመሪያ «እሷማ ምንም አልሆነችም» አለች። ሕፃኑን ስታስተኛ ቆይታ ተመልሳ ስትቀመጥ ግን፣ ወንድሟ ከመታመሙ በፊት በነበረው ምሽት፣ ማለትም ጥር 4፣ ልጅቱ ሰውነቷ አተኩሶ፣ ራሷን አሟት፣ እንጀራ ማኘክ አልፈለገችም እንደነበር ትዝ አላት። የፓራሲታሞል ሽሮፕ ተሰጥቷት ጠዋት ደኅና ሆና ስለተነሣች ወደ ትምህርት ቤት ሄደች። በዚያው ዕለት ወንድሟ ሲያብጥ የቤቱ ሁሉ ትኩረት ወደ እርሱ ዞረ። በሳምንቱ አጋማሽ መንጋጋዬን ያመኛል ስትል ደግሞ ወንድሟን እያስመሰለች እንደሆነ ተገምቶ ተሣቀባት።

ልጅቱ ከወንድሟ ጋር በአንድ ሰርቪስ፣ በአንድ ቀን ተይዛ፣ በአንድ ጊዜ ታማለች። ልዩነቱ የእርሱ ዕጢ አብጦ የእርሷ አለማበጡ ነው። እርሱ ከጥር 5 ጀምሮ ቤት ሲቀመጥ፣ እርሷ በየማለዳው ቦርሳዋን አንግታ መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ወርዳለች። በቤተሰቡም ሆነ በእኛ የተጻፈ ምክር ሁሉ ወንድሟን ብቻ የሚመለከት ነበር። የትምህርት ቤቱን የእረፍት ሰዓት ቆመን ስናይ ደግሞ የቀረው ክፍተት ተሞላ። ልጆቹ በሩጫ ወጥተው ሮቶው ጋ ይሰለፋሉ፤ ያቺ በሲባጎ የታሰረች ኩባያ ከአንዱ ከንፈር ወደ ሌላው ሳትታጠብ ትተላለፋለች፤ የተረፈው ውኃም አይደፋም፣ ቀጣዩ ልጅ ይጨልጠዋል። ውኃ በፈረቃ በሚገኝበት ሰፈር ውኃ አለመድፋት የተመሰገነ ልማድ ስለሆነ መምህራኑም ልጆቹን የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። ኩባያው ብቻውን አስተላልፏል ማለት አይቻልም፤ በጠባብ ክፍል አብሮ መዋል፣ ተቃቅፎ መጫወትና ከአንድ ምሳ ዕቃ መብላትም አሉ። ሦስቱ ያበጡት ሕፃናት ግን ከልጅቱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡ መሆናቸው መንገዱን አጥብቦታል።

በሽታው የከበደበት ሰው

ልጆቹ ሁሉ በሳምንት ውስጥ ሲድኑ፣ በዚህ ጉዳይ ክፉኛ የተጎዳው አባትየው ነው። ከገጠር፣ ቤቶች ተራርቀው ከተሠሩበት አካባቢ ያደገ፣ በልጅነቱ ጆሮ ደግፍ ይዞት የማያውቅ የ34 ዓመት ሰው ነው፤ ሥራው ብየዳ ነው። ጥር 21፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ሁለቱም ጉንጮቹ አበጡ። ልጁ ሲያብጥ ስላየ አልደነገጠም፤ ለሁለት ቀን ቤት ቆይቶ እብጠቱን በሻርፕ ሸፍኖ ወደ ሥራው ተመለሰ። ጥር 27 ትኩሳቱ አገርሽቶ፣ ብርድ ብርድ እያለው፣ የቀኝ የዘር ፍሬው አብጦ መራመድ እስኪያቅተው ድረስ አመመው። ወደ እኛ የመጣው ከዚያ በኋላም ሁለት ቀን ቆይቶ ነው፤ አፍሮ ነበር። ለሚስቱ እንኳ ወገቤን ነው የሚያመኝ ብሏት ነበር።

ከጉርምስና በኋላ በጆሮ ደግፍ የሚያዙ ወንዶች ላይ የዘር ፍሬ መቆጣት እንግዳ ነገር አይደለም። ካልተከተቡ ጎልማሳ ወንዶች ከ100 ታማሚዎች ከ15 እስከ 30 የሚሆኑት ላይ ይታያል፤ ብዙውን ጊዜ ጉንጭ ካበጠ ከአራት እስከ ስምንት ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል። በዚህ ሰው ላይ በስድስተኛው ቀን ነው የጀመረው። ከተጠቁት መካከል እስከ ግማሽ በሚሆኑት የተጎዳው የዘር ፍሬ በመጠን ሊቀንስ ይችላል። ፍጹም መካንነት ግን ብርቅ ነው፤ ሕመሙ በአብዛኛው በአንድ ወገን ብቻ ስለሚሆን ሌላኛው ሥራውን ይቀጥላል። በሰፈር የሚወራው «ጆሮ ደግፍ ወንድን መካን ያደርጋል» የሚለው ነገር መነሻ ቢኖረውም ከልክ ያለፈ ነው፤ ጉዳቱም ሰውን ማስፈራቱ ብቻ ሳይሆን አፍሮ እንዲደበቅ ማድረጉ ነው።

መደበቁ የሚያስፈራው በሌላ ምክንያት ነው። የዘር ፍሬ ድንገት ሲያብጥና ሲያም፣ የዘር ፍሬው በገመዱ ላይ ተጠምዝዞ የደም ዝውውሩ ተቋርጦ ሊሆንም ይችላል። ያ ከሆነ በስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገ የዘር ፍሬው ይሞታል። ጉንጭ ያበጠበት ሰው ሁሉ የዘር ፍሬ ሕመሙ ከጆሮ ደግፍ ነው ብሎ መደምደም አደገኛ ነው። ይህ ሰው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎለት በአልትራሳውንድ ታይቶ መጠምዘዝ እንደሌለው ተረጋግጧል፤ እረፍት፣ የዘር ፍሬውን ደግፎ የሚይዝ ልብስ፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ መያዝና ኢቡፕሮፌን ታዞለት ትኩሳቱ በአራተኛው ቀን ለቀቀው። ዘጠኝ ሰዓት በብየዳ የሚቆም ሰው እንዴት እንደሚያርፍ የሐኪም ወረቀት አያብራራም፤ ሁለት ሳምንት ያለ ገቢ ነው የቆየው።

በዚያው ቤት ያሉት አያትና እናት ምንም አልሆኑም። ሁለቱም በልጅነታቸው መታመማቸውን ያስታውሳሉ፤ አንዴ የያዘው ሰው በአብዛኛው ዕድሜውን ሙሉ ይከላከላል። የስድስት ወሩ ሕፃንም አላበጠም፤ በጨቅላነት ዘመን ከእናት በእትብት የተላለፈው መከላከያ ገና ከሰውነት ስላልጠፋ ሕፃናት ዓመት ሳይሞላቸው በዚህ በሽታ ብዙም አይያዙም።

ትምህርት ቤቱ የወሰደው እርምጃ

የሦስቱ ልጆች ማበጥ እንደተሰማ ትምህርት ቤቱ አንድ ማሳሰቢያ በር ላይ ለጠፈ። ያበጠ ልጅ እንዳይመጣ፣ የዳነም ከበሽታው ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከጤና ተቋም ይዞ እንዲመጣ የሚል ነው። ወቅቱ የመንፈቅ ዓመት ፈተና በመሆኑ ወላጆች ወረቀቱን ፍለጋ ያበጡና ያላበጡ ልጆቻቸውን ይዘው የጤና ጣቢያችንን የተመላላሽ ማረፊያ ሞሉት። ነፍሰ ጡሮችና ክትባት የሚጠብቁ ጨቅላዎች በሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ መሆኑ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሳምንት በሽታውን ለማስቆም ከተወሰደው እርምጃ ሁሉ ለማሰራጨት የቀረበው ይህ ወረቀት ነበር። እብጠት ከታየበት ቀን አምስት ቀን መቁጠር ለማንኛውም ወላጅ የሚቻል ነው፤ ማኅተም አያስፈልገውም።

ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ካደረግን በኋላ ከትምህርት ቤቱ አስተዳደር ጋር ተነጋግረን ወረቀቱ ቀረ። የሮቶው ኩባያ ተፈትቶ ተጣለና እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ኮዳ ይዞ እንዲመጣ ተወሰነ፤ የሌላቸውን መምህርቷ በእጃቸው እንዲጠጡ አሳየቻቸው። ከሮቶው አጠገብ ሳሙና ተቀመጠ። የፈተናው ጉዳይ ከሁሉ የከበደ ነበር፤ ያበጠ ልጅ ፈተና እንዳያመልጠው በሻርፕ ተሸፍኖ እንዳይላክ፣ ከአምስት ቀን በኋላ ለብቻው እንዲፈተን አስተዳደሩ በጽሑፍ ፈቀደ። ይህ ፈቃድ ባይኖር ኖሮ ሌላው ምክር ሁሉ ወረቀት ላይ በቀረ ነበር። ሰርቪሱ ላይ ግን የተሳካልን በግማሽ ነው፤ ሹፌሩ መስኮት ሊከፍት ተስማማ፣ እናቶች ግን እስከ የካቲት ድረስ ሲያዘጉት ነበር።

ለክፍሉ መምህርት የተነገራት ሌላ ነገር አለ። ከዚያ በኋላ የምትመዘግበው ያበጠ ጉንጭ ብቻ ሳይሆን ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ሲያኝክ ወይም ጎምዛዛ ሲቀምስ ከጆሮ ሥር ማመም ጭምር እንዲሆን ነው። በዚህ መንገድ በየካቲት መጀመሪያ ሁለት ልጆች ሳያብጡ ወደ ቤት ተመልሰዋል፤ አንደኛው ከሁለት ቀን በኋላ አበጠ።

ከፈተናው በኋላ የመጣው የአንድ ሳምንት እረፍት በሽታውን ያቆመዋል ብለው ብዙዎች ተስፋ አድርገው ነበር። ሳምንት ከመታቀፊያው ጊዜ ያጠረ ነው፤ ከእረፍቱ በፊት የተያዘ ልጅ በእረፍቱ ወቅት ደኅና መስሎ ይቆይና ትምህርት ሲከፈት ያብጣል። የሆነውም ይኸው ነው።

የክትባት ጥያቄ

በየቤቱ የሰማነው ሌላው ነገር «ልጄ ክትባቱን ጨርሷል» የሚል ነው፤ ካርዱንም ከመሳቢያ አውጥተው ያሳዩናል። ካርዱ ትክክል ነው፣ ልጁም ክትባቱን ጨርሷል። በመደበኛው የሀገራችን የሕፃናት ክትባት በዘጠኝ ወርና በ15 ወር የሚሰጠው ግን የኩፍኝ መከላከያ ነው፤ በፕሮግራሙ ውስጥ የጆሮ ደግፍ ክትባት የለም። ስለዚህ በቱሉ ዲምቱ የታመሙት ልጆች ክትባት በመዝለላቸው አልታመሙም።

ክትባቱ በዓለም ላይ አለ፣ አዲስም አይደለም። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሞሪስ ሂለማን በ1963 እ.ኤ.አ. የአምስት ዓመት ሴት ልጁ በጆሮ ደግፍ ስትታመም ከጉሮሮዋ ናሙና ወስዶ ቫይረሱን አዳክሞ ክትባት አደረገው፤ ክትባቱ በ1967 ፈቃድ ያገኘ ሲሆን ዝርያው ዛሬም በልጅቱ ስም ጄሪል ሊን ይባላል። አሁን ከ120 በላይ ሀገሮች ከኩፍኝና ከሩቤላ ጋር አጣምረው በመደበኛነት ይሰጡታል። ሁለት ዶዝ የወሰደ ሰው በ88 ከመቶ ያህል ይጠበቃል፤ በዚህም ምክንያት በተከተቡ ተማሪዎች መካከልም ወረርሽኝ አልፎ አልፎ ይነሣል፣ ነገር ግን እንደ ዘር ፍሬ መቆጣት ያሉ መዘዞች በእጅጉ ይቀንሳሉ። ከታማሚ ጋር ንክኪ ካደረጉ በኋላ መከተብ ግን ቀድሞ የገባውን ቫይረስ አያስቆምም። አንድ አባት ጥር መጨረሻ ላይ የትም ሄጄ ገዝቼ ላስከትባቸው ብሎን ነበር፤ ለወደፊቱ ጥሩ መሆኑን፣ ለዚያ ሳምንት ግን እንደማይደርስ ነግረነዋል።

ክትትል

ጆሮ ደግፍ ከሚተዋቸው ጉዳቶች ሳይታወቅ የሚቀረው የመስማት ችግር ነው። ዘላቂ መስማት አለመቻል በጣም ጥቂት ታማሚዎች ላይ ብቻ የሚደርስ፣ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ጆሮ ብቻ የሚወሰን ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው፣ በሌላኛው ጆሮ የሚሰማ ልጅ ማንም አይነቃበትም። እናቶቹ የልጁን አንድ ጆሮ በመዳፍ ሸፍነው ከኋላ ሆነው በሹክሹክታ ስሙን እንዲጠሩት፣ ከዚያም በሌላው ጆሮ እንዲደግሙት አሳይተናቸዋል። ከታመሙት ልጆች የመስማት ለውጥ የታየበት አልተገኘም። ብርቱ ራስ ምታት፣ ማስታወክና የአንገት መገተር ከታየ የአንጎል ሽፋን መቆጣት ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን እንዲያመጧቸው ተነግሯቸው ነበር፤ በዚህ ምክንያት የመጣ የለም።

የመጨረሻው ታማሚ ያበጠው የካቲት 14 ነው። አንድ ወረርሽኝ አበቃ የሚባለው የመጨረሻው ሰው ከታመመ በኋላ የረጅሙ መታቀፊያ ጊዜ እጥፍ፣ ማለትም 50 ቀን፣ ያለ አዲስ ታማሚ ሲያልፍ ነው፤ ሚያዝያ 4 ቀኑ ሞልቶ መዝገቡ ተዘጋ። የአባትየው ፋይል ግን አልተዘጋም። በመጋቢት ሲታይ የቀኝ የዘር ፍሬው ከግራው በመጠኑ አንሶ ተገኝቷል፤ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ትኩሳቱ ከለቀቀው ከሦስት ወር በኋላ ቢደረግ ውጤቱ አስተማማኝ እንደሚሆን ተነግሮት፣ በሚያዝያ መጨረሻ ከሚስቱ ጋር እንዲመጣ ቀጠሮ ተይዞለታል።